ወተት እርሳስ አያጥብም

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን እያልኩ በስልክ የሸወድኩህ ይበቃል፤ ደህና አይደለንም።

የምጽፍልህ ስለ አባዬ ነው። ስደውልማ አጠገቤ ቆሞ ጆሮውን ይቀስራል። ባለፈው ሳምንት አንድ ባለታክሲ ባትሪ ሊያስጠግን ሱቁ መጣ። አርባ ዓመት ባትሪ ሲፈታና ሲገጥም የኖረው አባትህ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን አገላብጦ ገጠመለት። ሽቦው ጨሰ። ሰውየው እንኳ አፍሮ፣ ጋሼ መነጽር ቢያደርጉ አይሻልም? አለው። መነጽሩ እኮ አፍንጫው ላይ ነው።

እጁም ይንቀጠቀጣል፣ እኔን በአንተ ስም ይጠራኛል። እየጎተትኩ የነርቭ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ደሙ ሲመረመር፣ በየቀኑ የሚያቀልጠው የባትሪ እርሳስ ሞልቶበታል።

ዶክተሯ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። አእምሮ ኦክስጅን እንደ ጉድ ይበላል፤ ሲበላም ፍንጣሪ ይረጫል። ፍንጣሪውን እያሳደዱ የሚያጠፉ የራሱ ዘበኞች አሉት። እርሳሱ ሲገባ ግን ፍንጣሪውን ያበዛዋል፣ የዘበኞቹን እጅ ያስራል። ያኔ ሴሎቹ እንደ ብረት ይዝጋሉ። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚሉት ይሄ ነው አለችን። አባዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? ዝገት ከሆነማ ለእኔ ተዉት፣ ስንቱን የባትሪ ጫፍ በሶዳና በብሩሽ አጽድቻለሁ። ነርሷ ሳቀች። እኔ ግን ጥርሴን ነከስኩ።

መድኃኒት አለው፤ ግን መጀመሪያ ከእርሳሱ ጭስ ካልወጣ ዋጋ የለውም ተባልን። እሱ እቴ! ሥራ ሲጀምር አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ሲጨርስ አንድ ብርጭቆ፤ እርሳሱን ጠራርጎ ያወጣልኛል ባይ ነው። የሙያ ጓደኞቹ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያምኑት። አያወጣም ብላ ዶክተሯ ራሷ ነገረችው።

አንተ ደግሞ እሁድ ደውለህ፣ አባዬ ወተትህን እንዳታቋርጥ፣ ሥራ የፈታ ሰው ቶሎ ያረጃል አልከው። አይ ወንድሜ! ይህችን ቃልህን ለሰፈሩ ሁሉ ሲያወራት ሰነበተ። እኔ ስናገር ነዝናዛ ነኝ፤ አንተ ብታስነጥስ እንኳ ምክር ነው። ስለዚህ አፍህ ያበላሸውን አፍህ ያስተካክለው። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ በምሳ ሰዓት ደውልና ሱቁን ዝጋ በለው። ከአንተ ሌላ የሚሰማው የለም።

ልንወጣ ስንል ዶክተሯ የሥራ ቱታውን ማን እንደሚያጥብ ጠየቀችኝ። የሰፈር ልብስ አጣቢ ናት አልኳት። የእርሳሱ ብናኝ ከልብሱ ወደ አጣቢዋ ይሄዳል፣ እርጉዝ ከሆነች ደግሞ ወደ ፅንሱ፤ ንገሪያት አለችኝ። እሺ አልኩ። ያ ሁሉ ሲከራከር የነበረ ሰው ሳሙና የላጠውን እጄን አየና አንገቱን ደፋ። ቤት ስንደርስ የዘፈዘፍኩትን ቱታ ከእጄ ነጥቆ ራሱ አጠበው።

ጠዋት ግን ተነስቶ ሱቁን ከፈተ።

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ልጆችህን አገላብጠህ ሳምልኝ። የትንሿ ልጅህ የሕፃንነት ሹራቦች ካሉ፣ እባክህ ለማንም እንዳትሰጡብኝ።

ታናሽ እህትህ