ከአንድ ላፕቶፕ በቀር የትም ስላልተዛወረው ድረ ገጻችን

ለተከበሩ አቶ ፍሬው፣
የጂዛንና አካባቢዋ ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ላፕቶፕዎስ ደኅና ነው? የእርስዎን ጤና የምመኘው ለራስዎ ሲሆን የላፕቶፕዎን ጤና የምመኘው ግን ለሁላችን ነው፤ አዲሱ ድረ ገጻችን በዓለም ላይ የሚታየው በእሱ ብቻ ነውና።

እኔ ሸዋዬ እባላለሁ፤ እዚሁ ሳዑዲ፣ ጂዛን ከተማ በሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ወንድሜ አራጋው ባለፈው ሳምንት የየመን ድንበር ላይ፣ ጡዋል አጠገብ በፖሊስ ተይዞ የት እንደገባ አጣን። ወሎ ያለችው እናታችን የማኅበሩን ድረ ገጽ በጎረቤት ስልክ አስከፍታ፣ ለታሰሩ ወገኖች መረጃ ይሰጣል በተባለው ቁጥር ብትደውል፣ ሸምሱ የሚባል፣ እዚሁ አቅራቢያችን ሳምጣ ከተማ ያለ አገራችን ሰው፣ ፍየል ነጋዴ አነሳላት። ቁጥሩ ድሮ የማኅበሩ ነበር፤ ከተዘጋ በኋላ ለእሱ ተሸጧል። አዲሱ ቁጥር ያለው አዲሱ ድረ ገጽ ላይ ነው፤ አዲሱ ድረ ገጽ ላፕቶፕዎ ላይ፣ ላፕቶፕዎም ቦርሳዎ ውስጥ። ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የሚከተለውን አመለክታለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምረቃው አመሰግናለሁ። ድረ ገጹ ወደ አዲሱ ሰርቨር ሳይዛወር ለሙከራ እንዲታይ፣ የማኅበሩ ስም ሲከፈት የእርስዎ ላፕቶፕ ብቻ ወደ አዲሱ እንዲሄድ፣ የቀረው ዓለም በአሮጌው እንዲቆይ ማድረግዎን በዕለቱ ራስዎ ግሩም አድርገው አስረድተውናል። ከዚያም ላፕቶፑ ላይ የታሰረውን ሪባን ቆርጠው፣ ኬኩ ተበልቶ፣ «ኸላስ፣ አለቀ፣ ተዛውሯል» ብለው አወጁ። ሙከራ መሆኑን የነገሩን እርስዎ፣ የረሱትም እርስዎ። ወጡን ቀምሳ «እንግዶቼ ጠግበዋል» ብላ ድስቱን የምትከድን ባለሙያ እስካሁን አልገጠመችኝም።

ሁለተኛ፣ የሚታየን አሮጌው ነው ብለን ባመለከትን ቁጥር ስልካችንን አጥፍተን እንድናበራ ስለመከሩን። አጥፍተን አብርተናል። ጓደኛዬ ንግሥትማ ሲም ካርዷን አውጥታ በሳሙና አጥባዋለች። እርስዎ ግን «እኔ ጋ ይታያል» ከማለት አልቦዘኑም፤ እኛም እርስዎ ጋ እንደሚታይ ተጠራጥረን አናውቅም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሸምሱ። ፍየል ሊሸጥ ስልክ የያዘ ሰው ዛሬ የአገሩ እናት ሁሉ «ልጄን» ትለዋለች፤ ደንበኞቹም መስመር እየተያዘባቸው ወደ ሌላ ነጋዴ ሄደዋል። እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወውና፣ ተናድጃለሁ። እናቴ እህል ከአፏ ከገባ ሰንብቷል።

ስለሆነም የማኅበሩን ስም የከፈተ ሁሉ ወደ አዲሱ ሰርቨር እንዲደርስ የቀረችውን ሥራ እንዲፈጽሙ፣ ይህ ካልተቻለም ላፕቶፕዎን ታቅፈው በየእናቱ ደጅ እየዞሩ እንዲያሳዩልን እለምናለሁ።

ኬኩን ቀምሳ ድረ ገጹን ያላየች ታዛዥዎ፣
ሸዋዬ
ጂዛን፣ ኅዳር 2006 ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ሸምሱ ፍየሎቹን ለሰው አደራ ሰጥቶ፣ እስረኞች ያሉበት ድረስ ሄዶ አራጋውን አግኝቶታል፤ ጠባቂዎቹን ለምኖም በዚያው በአሮጌው ቁጥር ከእናታችን ጋር አነጋግሮታል። እናታችን ሸምሱን ድረ ገጹ ላይ ስሙ የተጻፈው ሊቀመንበር አድርጋው፣ «አቶ ፍሬውን ክፉ አይንካብኝ» ስትል ዋለች። እውነቱን ልነግራት አልጨከንኩም። ምርቃቱን ግን ለባለቤቱ ያድርሱልኝ፤ ቁጥሩ አሮጌው ድረ ገጽ ላይ አለ።