የአባባ ጊታር ጨንቻ ሲወጣ

ለምወድሽ እትዬ እሌኒ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ያ በክረምት የሚነሣብሽ ቁርጥማት ዘንድሮ ማረሽ? የጋሽ ገነነ ደም ግፊትስ? ልጆቹስ? ስልክሽን ብሞክር ብሞክር አልገባ ቢለኝ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመለስ ሰው ስላገኘሁ ይህችን በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ። እኔ ለክፉ አልሰጥም፤ ጤናዬን ነኝ። ቤቱ ግን ባለቤቴ ኑኃሚን ካረፈች ወዲህ ሰፍቶብኛል። በሕመሟ ጊዜ ለሁለት ሰው ማብሰል ለምጄ፣ አሁንም ሽሮውን አበዛና ግማሹን እደፋለሁ።

የአባባን ጊታር ታስታውሻለሽ? ያ ሆዱ እንደ ቫዮሊን ጎበጥ ያለው፣ ከክሮቹ ግራና ቀኝ የተጠማዘዙ ቀዳዳዎች ያሉት፤ አባባ በክፍለ ሀገሩ ኪነት ቡድን ይጫወትበት የነበረው። ቁም ሣጥን ላይ ሲኖር ሲኖር የአርባ ምንጭ ሙቀት ማጣበቂያውን አልቅቆት፣ አንገቱ ተነቅሎ ደረቱ ተሰንጥቆ ነበር። ጡረታ ወጥቼ እጄ ሥራ ሲያጣ አወረድኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የእንጨት ሥራ አስተምሬ የለ? ስንጥቁን ከውስጥ በስስ እንጨት ደገፍኩት፤ አንገቱን አጣብቄ በሞርሳ ጠፍንጌ አሳደርኩት። ክሮቹ የሚያርፉባት እንጨት ጠፍታ ስለነበር ሌላ ከዋንዛ ቀረጽኩ። ቀለሙን ግን አልነካሁትም። የአባባ ክንድ ሲያርፍበት የኖረው ቦታ ለስልሶ ነጥቷል፤ እዚያ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ለማሳረፍ እጄ እምቢ አለኝ።

ክር ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ወጠርኩና አንዱን ሳብ ባደርገው ድምፁ ቤቱን ሞላው። በደስታ «ኑኃሚን፣ ሰማሽ?» ብዬ ወደ ጓዳ ዞርኩ። እትዬ፣ የዚያን ቀን የተሰማኝን ብቸኝነት በቀብሯም ዕለት አላየሁት።

ሰንብቼ ጋሽ ኦይታ ትዝ አሉኝ፤ ከአባባ ጎን ተቀምጠው ሁለተኛውን ጊታር ይጫወቱ የነበሩት። ጨንቻ በሕይወት አሉ ቢሉኝ፣ ጊታሩን በጋቢ ጠቅልዬ በሚኒባስ ወጣሁ። ምራታቸው ማዕዶት በሩን ከፍታ ጉዳዬን ስትሰማ «ውይ ጋሼ፣ አይሰሙም እኮ! ጆሯቸው ከጠፋ ቆየ» አለችኝ። ክው አልኩ። እሳቸው ግን ጋቢውን ስገልጥ ከመቀመጫቸው አይተው ኖሮ፣ ጮክ ብለው የአባባን ስም ጠርተው «የብርሃነመስቀል ነው!» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ጊታሩን አቅፈው፣ አገጫቸውን እንጨቱ ላይ አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ክሮቹን አንድ በአንድ ነኩ። ከዚያ «ሦስተኛዋ ክር ረግባለች» አሉ። ለካስ የእንጨቱን ንዝረት በአገጫቸው አጥንት እየሰሙ ነው! ወጠር አደረጓትና አንድ የድሮ ዜማ ተጫወቱ። ማዕዶት እጇ ሊጥ እንደሆነ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። እዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ ሲጫወቱ አይታ አታውቅም።

ሲጨርሱ «ማን እንዲጫወትበት ነው ያደስከው?» ብለው ጠየቁኝ።  ለማንም እንዳልሆነ ከፊቴ አነበቡ መሰለኝ፣ ጊታሩን ጭኔ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን አንድ በአንድ እየያዙ ክሮቹ ላይ ደረደሩልኝ። እጄን የሰው እጅ ከያዘው ስንት ጊዜው! እንባዬ መጣ። እሳቸው እቴ፣ «ጠበቅ አድርገው እንጂ!» ብለው ጮኹብኝ።

እዚያው ልተውላቸው ብዬ በእጄ ባመለክት እምቢ አሉ። «ትተኸው ከሄድክ አንተም በዚያው ትቀራለህ። ይዘኸው ሂድ፣ ይዘኸው ትመጣለህ» አሉኝ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ሽቅብ እወጣ ጀመር። የጣቶቼ ጫፍ ቆስሏል፤ አንድ ዜማ እንኳ ገና በቅጡ አልወጣልኝም። ቤቱም ያው ነው፤ ከጨንቻ ስመለስ ጨለማ ቤት ገብቼ መብራቱን እኔው ነኝ የማበራው።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ዝናብ አዘግይቶኝ ስደርስ፣ ጋሽ ኦይታን ጋቢ ተከናንበው መንገድ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። የመኪና ድምፅ አይሰሙምና፣ የሚመጣውን ሚኒባስ ሁሉ በዓይናቸው ሲፈልጉ ቆይተዋል። እትዬ፣ እኔን የሚጠብቅ ሰው ካየሁ ዘመን የለውም።

የጋሽ ገነነን ጉልበት ሳም አድርገሽ፣ ጨው ይቀንሱ በይልኝ። ቤቲን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ሉሊት ትምህርቷን እንዳትሰንፍ፤ አጎትሽም በስተርጅና ተማሪ ሆኗል በያት። መንገዱ ሲቀና አንዴ ብቅ በዪ፤ አልጋሽን አንጥፌዋለሁ።

ወንድምሽ ሽመክት
አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.