አቤት ያላልኩበት ቀን

ጅማ፣ ቅዳሜ ሚያዝያ 8 ቀን 1980 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ቲጃኒ፤

ደብዳቤ በሰላምታ መጀመር እንዳለበት አውቃለሁ። የእኔና የአንተ ነገር ግን ከመነሻውም በአንዲት ሰላምታ ስለተበላሸ፣ ወይም ስለተቃና፣ ዛሬ ሰላምታውን ዘልዬ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ አጋሮ መጥቼ አልጠየቅሁህም። አጋሮ ደግሞ ቅርብ ናት፤ መንገዱ ራቀኝ ብዬ ልዋሽህ አልችልም። ለምን እንደቀረሁ ልንገርህ።

መስከረም 1975 ላይ እቤትህ የመጣሁት የህንድ ፊልም ወድጄ አይደለም። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም የህንድ ፊልም አይቼ አላውቅም ነበር። ከዱራሜ ከመጣሁ ሁለት ወሬ ነበር፤ ቡና ማበጠሪያው ሚዛን ላይ እሠራለሁ፣ ማታ ወይዘሮ ሽታዬ ግቢ በተከራየኋት ክፍል እተኛለሁ። አገር ቤት ጸሎት ቤታችን ታሽጎ መሪዎቹ ታስረዋል። ጅማ ውስጥ የኔን ዓይነት ሰው የት እንደማገኝ አላውቅም፤ መጠየቁም ያስፈራል። ሌላውን ሁሉ ችዬዋለሁ፤ ከሰው ጋር አብሮ መዘመር ግን ናፈቀኝ። ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ አፌን በትራስ አፍኜ ስሞክረው የታመመ ሰው ድምፅ እየመሰለኝ ተውኩት።

አንድ ቀን ወይዘሮ ሽታዬ፣ ማንም ሳይሰማን፣ «እዚሁ ጅማ መርካቶ ልብስ ሰፊው ቲጃኒ ዘንድ እሑድ እሑድ በር ገርበብ አድርገው ይሰበሰባሉ አሉ። ደብተር ይዘው ባንድ ድምፅ ያዜማሉ፤ ከዚያ ያለቅሳሉ። የናንተ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም» አለችኝ። ቲጃኒ የሚል ስም ሰምቼ መጠርጠር ነበረብኝ። የራበው ሰው ግን የድስቱን ባለቤት አይጠይቅም። እሑድ ከቀትር በኋላ ሸሚዜን ተኩሼ መጣሁ።

በሩን ስገፋ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ሰዎች በልብስ ስፌት መኪናዎቹ መካከል ተቀምጠው፣ ደብተራቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እያዜሙ ነበር። አንዲት ሴት እንባዋን ትጠርጋለች። ልቤ ሞላ። «የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ!» አልኩ፣ እስከ ጎረቤት በሚሰማ ድምፅ።

ዜማው ቆመ። አንዱ ሳቁን ዋጠ። አንተ ግን መቀስህን አስቀምጠህ ተነሣህና፣ «ላንተም ይብዛ። ኮቱ፣ ግባ፤ ምን ቆመሃል?» አልከኝ። ያኔ ነው ግድግዳው ላይ ከህንድ ፊልም ማስታወቂያ የተቆረጡትን ሥዕሎች ያየሁት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ተመልሼ ልወጣ ስል ወንበር ስበህ፣ «ራኮ ህንቀቡ፤ ችግር የለም። አዲስ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይደነግጣል» አልክ። ከዚያ ሥርዓቱን ማስረዳት ጀመርክ።

አንድ ሰው የቤተ ክህነት ትምህርት እንደሚያስተምር ነበር የምታስተምረው። እዚህ አንቱ የሚባል የለም፤ አስተማሪውም ጋሪ ነጂውም አንተ ነው። የደብተርህን ዘፈን ራስህ ሰምተህ ትጽፋለህ እንጂ ባለቤቱን ሳታስፈቅድ ከሌላው አትገለብጥም። የህንድኛውን ቃል የሚያውቅ ስለሌለ፣ የማን ደብተር ትክክል ነው ብሎ መጣላት ይፈቀዳል፤ መዳኘት ግን አይፈቀድም። ፊልም ያየ ሰው ላላየው መጨረሻውን አይነግርም። ከሰቃ የመጣው ሸምሰዲን መጨረሻ ተናግሮ ለሦስት እሑድ በር ላይ ተቀምጦ ነበር አሉ። የሚያለቅስ ሰው አይታይም፤ መሀረብ ትሰጠዋለህ፣ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ። ይህችን ሥርዓት ወደድኳት። ከኛ ጸሎት ቤት ደንብ የሚበልጥ እንኳ መሰለኝ።

ደግሞ ስም አለ። ማንም በቤቱ ስም አይጠራም፤ ከፊልም ውስጥ በመረጠው ሰው ይጠራል። አንተ ትልቁ ወንድም ነበርክ፤ እህትህ ጠይባ ዓይነ ስውሯ እናት ነበረች፤ እንደሷ ዓይኑ የሰላ ሰው ገበያው ውስጥ ባይኖርም። እውነተኛ ስሜን ለብቻዬ ጠይቀኸኝ፣ «እኔ ዘንድ ይቀመጣል» አልከኝ። ለአዲስ መጪ የሚሰጠው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ክፉው ዘመድ። ወንድማማቾቹን የሚለያያቸው፣ ርስቱን የሚቀማቸው፣ ጢሙን እየጠቀለለ የሚስቀው። ዓመቱን ሙሉ ሁሉም ይረግመዋል፤ እሱም ሳይቀየም ጢሙን መጠቅለል አለበት። ጢም ስላልነበረኝ ጠይባ በዓይን ኩል ሳለችልኝ።

ለምን በሚቀጥለው እሑድ እንደተመለስኩ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ዘፈን በኛ ዘንድ ኃጢአት ነው። እኔ ግን ትርጉሙን የማላውቀው ዘፈን ኃጢአት መሆኑ በምን ይታወቃል ብዬ ራሴን አታለልኩ። እውነቱ ሌላ ነበር። አሥራ ሁለት ሰው ባንድ ድምፅ ሲያዜም መሀል መቀመጥ ፈልጌ ነው። አንዳንዴ እናንተ በህንድኛ ስታዜሙ እኔ በሆዴ የራሴን ቃል እከትበት ነበር። አሁን አወቅህ።

የካቲት ላይ በዓመት አንዴ የሚደረገው ትልቁ ቀን መጣ። ቡናው ተለቅሞ ሰው እፎይ ሲል ነበርና ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከሊሙ የህንድ ፊልም ወዳጆች በጭነት መኪና ተጭነው መጡ። ከመርካቶ ጀርባ ያለውን የእህል መጋዘን ለምነህ አስከፍተሃል። ቤልቦተም ሱሪ የለበሰው፣ ጠጉሩን በቅቤ ያስተኛው፣ ከመጋረጃ ሳሪ ያሰፋችው፤ አንድ መቶ ሰው ይሆናል። እርስ በርስ «ትልቁ ወንድም፣ እንደምን ነህ?» «ጠፋህ፣ ዳኛው!» ይባባላሉ። እኔን ያየ ሁሉ «ይህ ሌባ ዘንድሮም አልሞተም?» ይላል፤ ጢሜን እጠቀልላለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር ቲጃኒ። ከአገሬ ከወጣሁ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወርቅአገኘሁና አራት አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው ሲገቡ የአጋሮ ሰዎች አጨበጨቡ። የጨዋታው ክፍል መስሏቸዋል። ጭብጨባው ለመቆም ጊዜ ወሰደበት።

አንተ ፈቃዱን ከኪስህ አውጥተህ፣ «የሙዚቃና የቴአትር ልምምድ ነው ጓድ፤ ማኅተሙ ይኸው» አልክ።

«ማኅተሙን አይተነዋል። የመጣነው ለሌላ ነው። ኤርሲዶ የሚባል ጴንጤ በቴአትር ስም እዚህ ሰው እየሰበከ ነው የሚል ጥቆማ ደርሶናል። ኤርሲዶ ማነው? ይውጣ!»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ማንም አልዋሸም፤ ማንም አያውቀውማ። አንድ መቶ ሰው መሀል ኤርሲዶን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ አንተ፣ ሌላው ራሱ ኤርሲዶ፣ በኩል በተሳለ ጢም፣ በቀይ ካባ፣ ከጤፍ ጆንያ አጠገብ ቆሞ። ልወጣ አሰብኩ። እግሬ ግን አልታዘዘኝም ልልህ አልፈልግም፤ እግሬ ደህና ነበር። እኔ ነኝ ያልታዘዝኩት።

«አንተ ኃላፊው ነህ» አለህ ጓድ ወርቅአገኘሁ። «ሃይማኖት እንዳለህ ሰምቻለሁ። እስቲ ማል።»

ገበያው ሁሉ ያውቃል፤ አንተ በጨርቅ ሥራህ ላይ ምለህ አታውቅም። ደንበኛ «አይለቅም? ወላሂ በል» ሲልህ «ውኃው ያውና፣ እጠበውና እየው» ነበር መልስህ። ያን ቀን ወደ እኔ ሳትዞር፣ ቀጥ ብለህ ቆመህ፣ «ወላሂ፣ እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» አልክ።

«እንግዲያው እስኪጣራ አንተ ትሄዳለህ።»

ወሰዱህ። አርባ አንድ ቀን ታሰርክ። እኔ በማግስቱ ሥራ ገባሁ፤ ሚዛኑም እኔም ትክክል ነበርን፣ ማንም የጠረጠረኝ የለም። ስትፈታ ሱቅህ ለሌሎች ልብስ ሰፊዎች ተሰጥቶ ነበር። አጋሮ ልትሄድ ጓዝህን ስትሸክፍ ወይዘሮ ሽታዬን ለምኜ ቆጮና በቅቤ ያበደ ጎመን አሠርቼ ጠይባ ቤት መጣሁ። የምናገረውን መንገድ ላይ አጥንቼው ነበር። አንተ ምግቡን አየህና፣ «ዛሬ አልበላም» አልክ። በማግስቱም መጣሁ፤ «ዛሬም አልበላም።» ሦስተኛውን ቀን አልመጣሁም።

ተቀየምከኝ ብዬ ደመደምኩ። የኔን እጅ ምግብ ተጸየፈ፤ ደግም አደረገ አልኩ። በእርግጥ በውስጤ ትንሽ ቀለለኝም። የተቀየመህ ሰው ዘንድ ሄደህ ይቅርታ መለመን ከባድ ነው፤ እሱ ራሱ በሩን ዘግቶብኛል ብሎ መቅረት ግን ይቀላል። አምስት ዓመት በዚህ ኖርኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠይባን ጨርቅ ስትሸጥ አገኘኋት። ረመዳን መቅረቡን ስታወራኝ፣ እሑድ እሑድ ስንገናኝ አንሥቼው የማላውቀውን ነገር እንደ ቀልድ አድርጌ፣ «ወንድምሽ ያኔ ቆጮዬን እምቢ ያለኝ እስካሁን ይቆጨኛል» አልኳት። ሜትሩን አስቀምጣ አየችኝ።

«እንዴ! ጾም ላይ ነበር እኮ።»

«በምን ወር? ረመዳን ሁለት ወር ይቀረው ነበር።»

«የመሐላው ነዋ! በሐሰት ስለማለ። አሥር ድኻ ማብላት ነበረበት፤ ከእስር የወጣ ሰው ከየት ያምጣ? ሦስት ቀን ጾመ። ላንተ አልነገረህም?»

አልነገርከኝም። እኔ ያመጣሁት ምግብ ፊት ለፊትህ ተቀምጦ እየሸተተህ፣ በኔ ምክንያት የገባህበትን ዕዳ እየከፈልክ ነበር። እኔ ደግሞ ተቀይሜ ሳህኔን ይዤ ወጣሁ።

ገበያው መሀል አለቀስኩ። ጠይባ ፊቷን ወደ ጨርቁ አዙራ መሀረብ ሰጠችኝ። ከዚያ፣ «ለመሆኑ ወንድምሽ ጴንጤ መሆኔን ከመቼ ጀምሮ ያውቅ ነበር?» አልኳት። ሳቀች። «በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ስትጮህ! የት እንደገባህ ያላወቅኸው አንተ ብቻ ነበርክ። አላህ ይቅር ይበላቸውና፣ ሊያስወጡህ ያሉ ነበሩ። እሱ ግን፣ ይሄ ሰው የሚያዜምበት ቤት ተዘግቶበታል፤ እዚህ ያዚም፣ አለ።»

እኔም ሦስት ቀን ልጹምለት ብላት፣ «ጾም በውክልና አይሆንም፣ ሞኝ» አለችኝ። ትክክል ናት።

ስለዚህ ሌላ አደረግሁ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ትልቁ ቀን ተደርጎ አያውቅም፤ በኃላፊነት የሚፈርም ጠፍቶ። እሑድ እሑድ አምስት ስድስት ሆነን ጠይባ ቤት እንገናኛለን እንጂ። ትናንት ማመልከቻ ጽፌ ቀበሌ ወሰድኩ። የህንድ ፊልም ወዳጆች ከኢድ በዓል በኋላ፣ ግንቦት ላይ፣ ለመሰብሰብ ፈቃድ እንጠይቃለን፤ ኃላፊ ኤርሲዶ አሞጽ፣ የጴንጤ እምነት ተከታይ፣ ብዬ ፈረምኩ። እምነቴን የጠየቀኝ አልነበረም። ባልጽፈው ግን ደግሞ መደበቅ ሆነብኝ።

ጓድ ወርቅአገኘሁ ዛሬም ሊቀመንበር ነው። መነጽሩን አውልቆ መልሶ አደረገ።

«ኤርሲዶ… ይህን ስም የት ነው የማውቀው?»

«የዛሬ አምስት ዓመት መጋዘኑ ውስጥ ጠርተውት ነበር፣ ጓድ ሊቀመንበር። እዚያው ነበርኩ፤ አቤት ሳልል ቀረሁ።»

ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተና፣ «ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ና» አለኝ። ፊቱ ላይ ያነበብኩት ነገር የለም። ፈቃዱን ይሰጠኝ ይሆናል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። ሰው ሁሉ ዘንድሮ እንደ ያኔ አይደለም ይላል፤ እኔ አላውቅም። ፈርቻለሁ። ቢሆንም እሄዳለሁ።

ይቅርታህን አልለምንም፤ ሦስት ቀን ተርበህ ከፍለህ ጨርሰኸዋል። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። በመልካም ከወጣሁ ቅዳሜ አጋሮ እመጣለሁ፣ የሠራሁትን ያህል ትቆጣኛለህ። ካልወጣሁ ግን ነገሩን ሊያጣሩ አጋሮ ድረስ መጥተው ይጠይቁህ ይሆናል። ያን ጊዜ ስለኔ አትማል። ኤርሲዶን አውቀዋለሁ በላቸው።

ኤርሲዶ አሞጽ