የኢቫን ኮከብ አደራ

ይድረስ ለሃምሳ አለቃዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው በረዶ ቀለጠ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ እዚያም ሆነህ አንድ ጥግ ፈልገህ አሮጌ ብረት እያገላበጥክ እንደሆነ አውቃለሁ። ይልቅ የኛን ልንገርህ።

የነዳጅ ዋጋ ወደቀና በነዳጅ የሚኖረው የከተማችን ፊት ጠቆረ። መሐል ከተማ፣ ዳውንታውን ያሉት ፎቆች መብራታቸው አለ፣ ሰዎቻቸው የሉም። አማችህ ዳዊትም ሌይ ኦፍ ሆነ፣ ከሥራ ተቀነሰ። ሳድል ሪጅ ሰፈር ያለውን ቤታቸውን አከራዩና ከነልጆቻቸው ወደኔ፣ ወደ ፓይንሪጁ ቤታችን መጡ። ልጃችን ሰናይት ሻንጣዋን እየጎተተች ስትገባ አለቀሰች። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ለመታጠቢያ ቤት ወረፋ መያዝ እንዴት ያለ ደስታ መሰለህ! ካንተ ወዲህ በሩን የሚደበድብብኝ ሰው አልነበረም።

ጣጣ ያመጣው ያንተ ዕቃ ነው። ከምድር በታች፣ ቤዝመንት ያለችውን ክፍልህን ለልጆቹ ስናስለቅቅ እነዚያ የጫማ ካርቶኖችህ ወጡ፤ የሶቪየት ጦርነት ኒሻኖችህ ከነደብተሮቻቸው፣ የተሸላሚው ስምና የኒሻኑ ቁጥር ከተጻፈባቸው። ሰናይት፣ "እማዬ፣ ጋራዥ ሴል እናድርግና ይሂዱልን" አለች። ሰው ሁሉ ያለውን ደጅ አውጥቶ በሚሸጥበት ጊዜ ማን ሊገዛት እንደሆነ እንጃላት። እኔስ ብሆን ስንቴ ከቆሻሻው ጋር እጥላቸዋለሁ ብዬ ዝቼብሃለሁ። ያን ቀን ግን ኢቫን ትዝ አለኝና እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ያቺን የአቢዴል ሰፈሯን አሮጊት ታስታውሳታለህ? ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዕቃዋን ልትሸጥ ደጇ ላይ ዘርግታ አገኘናት። እኔ መጋረጃ እየመረጥኩ አንተ በሩሲያኛ ታወራታለህ፤ ታንክ መጠገን ስትማር እዚያ አገር የለቀምካትን ሩሲያኛ። ሴትዮዋ ቋንቋዋን ከጥቁር ሰው አፍ ስትሰማ እጅህን ይዛ አለቀሰች። የሞተውን ወንድሟን፣ የኢቫንን ቀይ ኮከብ ኒሻን ከነደብተሩ አወጣችልህ። ልጆቼ አይፈልጉትም፣ አንተ ያዘው፣ ግን ኮከቡንና ደብተሩን እንዳትለያያቸው፣ አደራ አለችህ። መኪና ውስጥ ደብተሩን ከፍተህ የዚያን ጆሮ ትልቅ ልጅ ፎቶ አሳየኸኝ። "ወረቀት የሌለው ኒሻን ወላጅ እንደሌለው ልጅ ነው" አልከኝ። እኔ መጋረጃውን ሳትገዛልኝ ቀረህ ብዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩህ።

እናም ከሰናይት ጋር ተስማማን። ኒሻኖቹ የውሸት ከሆኑ ይወጣሉ፣ እውነተኛ ከሆኑ ይቀመጣሉ። ይህን የሚለይ ካንተ ሌላ የማውቀው አንድ ሰው ነው፤ ያ በኒሻን መሰብሰብ ባላንጣህ፣ የአሥመራው ተክሌ። ለቅሶህ ላይ ቁጭ ብሎ እንኳ "ነፍሱን ይማር፣ ዓይኑ ደግ ነበር፣ ያየውን ሁሉ ያምን ነበር" ያለ ሰው ነው። ጥርሴን ነክሼ ደወልኩለት።

ማጉያ መነጽሩን ይዞ መጣ። የአንዱ ኮከብ ጀርባ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አየ፣ ደብተሩ ላይ የተጻፈውን አየ፤ አይገጥምም። ሁለተኛውም አይገጥምም። ሦስተኛውም። መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ "እትዬ ዘውዴ፣ ምን ላድርግልዎ፣ ኮከቡም ደብተሩም ከየትም የተለቃቀመ ነው" አለኝ። ሰናይት ዓይኗን ጋራዡ ላይ ጣለች። እኔ ነደድኩ። ተሞኝተህ ሞትክ ማለት ነው፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ የአሮጊቷን አደራ በልተህ።

ግን ቆይ አልኩ። የሸሚዝ ቁልፍ በመጠን በመጠኑ ለይቶ በጠርሙስ የሚያስቀምጥ ሰው አንዱን ቢስት ይስታል፤ እንዴት ሁሉንም ይስታል? ያኔ ቀብርህ ትዝ አለኝ።

አንተ ተኝተህ አመለጠህ እንጂ ጉድ ነበር። የዕድሩ ሴቶች፣ እነ እትዬ ብርቄ፣ ቤት ሲያሰናዱ ካርቶኖችህን አግኝተው ኒሻኖቹን በሙሉ ያንተ ናቸው ብለው ፎቶህ ዙሪያ በቀይ ከፋይ ላይ ደረደሯቸው። የዕድሩ ጸሐፊ የሕይወት ታሪክህን ሊያነብ ተነሣና ያን ሲያይ ከወረቀቱ ወጣ። "በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፈጸሙት ጀብዱ" አለልህ! ዳዊት ጆሮዬ ሥር፣ "እማዬ፣ ያኔ እንኳን እሳቸው እናታቸውም አላገቡም ነበር" ሲለኝ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት፤ ሰው ሁሉ ሳግ መስሎት አብሮኝ አለቀሰ። ከሠልስት በኋላ ደግሞ ሴቶቹ ኒሻኖቹን ወደ ካርቶኑ የመለሱት በመልካቸው ነው። የሚያብረቀርቀውን አዲስ ከሚመስል ደብተር፣ የደበዘዘውን ከደበዘዘ ጋር አጋቧቸው።

ይህን ስነግረው ተክሌ መነጽሩን መልሶ አወጣ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ አንሶላ አነጠፍንና ሁሉንም አፈሰስነው። እኔ ቁጥሩን ከደብተሩ እያነበብኩ፣ እሱ ከኮከቡ ጀርባ እየፈለገ። አንተ እንደምታውቀው እኔ ሰናይትን አዝዬ መሠረተ ትምህርት የገባሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬም በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። "እትዬ ዘውዴ፣ ቶሎ ቶሎ ይበሉ እንጂ" ሲለኝ፣ "አቶ ተክሌ፣ ቸኩለው ነው እኮ ጠዋት ባሌን የሰደቡት" አልኩት። አንገቱን ደፋ።

የመጀመሪያው ሲገጥም ልጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ኮከቡ ደብተሩን፣ ደብተሩ ኮከቡን እየጠራ መጣ። ተክሌ ቁጥሩ ተፍቆ እንደሆነ በመነጽር ያያል፣ የኮከቡን የብር ጠርዝ በጥፍሩ ይዳስሳል፣ የማኅተሙን ቀለም ወደ መስኮቱ ይዞ ያያል። "እውነተኛ ነው" ይላል፣ ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው። ማምሻውን ግን ከኔ ይልቅ የሚጮኸው እሱ ሆነ። ብዙ አትኩራ ታዲያ፤ ሁለቱ ቁጥራቸው ተፍቆ እንደገና የተቀረጸ የውሸት ናቸው። እነሱን ለልጆቹ መጫወቻ ሰጠኋቸው።

በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር ብቻውን ቀረ። የዚያ ጆሮ ትልቅ ልጅ፣ የኢቫን። ኮከቡ የለም።

ሶፋውን ገለበጥን፣ ካርቶኖቹን አራገፍን፣ የለም። ሁሉም ተገኝቶ አደራው ይጥፋ? ለእትዬ ብርቄ ደወልኩ። ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?

"እንዴ! ደረቱ ላይ አይደል እንዴ ያደረግንለት! ያን ሁሉ የተዋጋ ሰው በባዶ ደረት ይሂድ?"

ኮትህን በመቀስ በስታ፣ የኮከቡን ብሎን ከውስጥ አጥብቃ ነው የሰካችልህ። ሰናይት ስልኳ ላይ የዚያን ቀን ፎቶ ፈለገችና አጎላችው፤ እኔ አበባ ነው ብዬ ያለፍኩት ቀይ ነገር ኮከብ ነው። ተክሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "እና አሁን ምን ይሁን፣ ይቆፈር?" አለ። ሳቅኩ። ካንተ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ሰናይትም የዳዊት ሥራ፣ የቤታቸው ሞርጌጅ ዕዳ፣ ሁሉም ተረስቷት መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች።

ኒሻኖችህ አልተሸጡም። ዳዊት እጁ ሥራ ስለፈታ ባለ መስተዋት ሣጥን ሠራላቸው፤ ሳሎን ግድግዳው ላይ ናቸው። ተክሌ እሑድ እሑድ እየመጣ ላየ ሁሉ ያስረዳል፤ ሲሰሙት ራሱ የሰበሰባቸው ይመስላል። ከጎናቸው መጋረጃዬን ሰቅያለሁ፤ ያኔ የቀረብኝን የሚመስል በመጨረሻ ገዛሁ።

የኢቫን ደብተር ግን እዚያ የለም። መገነዣዬ ውስጥ ጠቅልዬዋለሁ፤ ተራዬ ሲደርስ እጄ ላይ እንድታደርገው ለሰናይት ነግሬያታለሁ። ኢቫን ማለት ዮሐንስ ነው ብለኸኝ አልነበር? ለሙት ዓመትህ ስምህን ስሰጥ የሱንም አብሬ ሰጠሁ። ቄሱ ዘመድ ነው ወይ ሲሉኝ፣ "ባለቤቴ ደረት ላይ ያለ ሰው ነው" አልኳቸው። በየዓመቱ ሁለታችሁንም አስጠራለሁ፤ አልረሳም።

ደግሞ አትጥራኝ። ቤቱ ሞልቷል፣ የምቆጣውም ሰው በዝቶልኛል። ካጠገብህ ያለችው ቦታ የኔ ናት፣ አትሄድም። እስከዚያ አንተ ኮከቡን ያዝ፣ እኔ ደብተሩን። አደራው አልተበላም፤ አንድ ቀን ወረቀቱን ይዤልህ እመጣለሁ።

ያንተው ዘውዴ