ወደ ኋላ የተጫነው ኮክ

ዊዘር፣ አይዳሆ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1986

ለልጄ ለቨርና፣

የእጅ ጽሑፉን አይተሽ ደብዳቤውን ቀደሽ እንዳትጥዪው። የምናገረው እኔ ነኝ፤ የሚጽፈው ባልሽ ሌላንድ ነው። በሩን ከዘጋሽበት ቀን ጀምሮ እኔ ጋ ነው። ማንበብም መጻፍም እንደማልችል ታውቂያለሽ። ጎረቤት ጠርቼ እንዳላስጽፍ ነገሩ ለጎረቤት ጆሮ የሚሆን አይደለም።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደክሟል፣ አፌ አልደከመም።

ባለፈው ወር አንቺ በተወለድሽ ዓመት የተሠራችውን የእናትሽን ትንሽ ተሳቢ ቤት በፒካፔ እየጎተትን ልናመጣልሽ ስንል ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠች። ውስጧ የነበረው፣ እናትሽ ሳትሞት ቀቅላ ያሸገችው አርባ ጠርሙስ የኮክ ፍሬ አንድ ሳይቀር ተሰባበረ። «ማነው እንዲህ የጫነው?» ብለሽ ስትጠይቂ ሌላንድ «እኔ ነኝ» አለ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ።

አሁንም «ይተዉት፣ አባባ፣ ይሄ አይጻፍ» ይለኛል። «ጻፍ! አንተ እጅ ነህ እንጂ አፍ አይደለህም» አልኩት።

እሱስ በደንብ ነበር የጫነው። ከባድ ከባዱን ከጎማዎቹ በላይ፣ ትንሽ ወደ ፊት አድርጎ አሰረ። ሰንሰለቶቹን ተሳቢዋን ከፒካፑ ከሚያያይዘው ጋንቾ ሥር አጣምሮ አያያዘ። ከዚያ ቁርስ ሊበላ ገባ። እኔ ስወጣ የፒካፑ ቂጥ ከክብደቱ ዝቅ ብሏል። አርባ ዓመት ግንድ የጎተትኩ ሰው በዚህ ሁኔታ በሰፈሩ መሃል ላልፍ! «ኦርቪል፣ መኪናህን ሆዷን ቆረጣት እንዴ?» ብለው ሊስቁብኝ! ጠርሙሶቹን ሣጥን በሣጥን ተሸክሜ ወደ ተሳቢዋ ኋላ፣ አልጋው ሥር ወሰድኳቸው። ፒካፑ ቀጥ አለ። ደስ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

መሪውን የያዝኩት እኔ እንደነበርኩ ታውቂያለሽ። ቁልቁለቱ ላይ ነፋስ ሲመታን ተሳቢዋ ጅራቷን ትወዘውዝ ጀመር። ሌላንድ «ፍሬን አይርገጡ! ነዳጁን ብቻ ይልቀቁ!» ብሎ ጮኸ። «አንተ ነህ እኔን የምታስተምረው?» አልኩና ረገጥኩት።

በኋላ በመስኮት ገብቶ ስብርባሪውን ሲለቅም ጠርሙሶቹ የት እንደነበሩ አየ። ቀና ብሎ አየኝና መልቀሙን ቀጠለ። አንቺ «ከእናቴ የቀረኝን አጠፋህብኝ፣ ቤቴ እንዳትገባ!» ስትዪውም የእኔን ስም አላነሳም። እኔ ባርኔጣዬን ሳገላብጥ ነበር።

ተሳቢዋን አቃንተናታል። ሌላንድ የጣሪያዋን መጋጠሚያ ውሃ እንዳያስገባ ደፈነው፤ የጎማዎቹን ኩሽኔታዎች አውጥቶ አጥቦ ግራሶ ሞላቸው። ትናንት ሰው የሚመዘንበትን ሚዛን ከጋንቾው ሥር አስቀምጦ፣ «ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛው ያህል እዚህ ማረፍ አለበት፣ አለዚያ ጅራቷን ትወዘውዛለች፣ አባባ» አለኝ። «ድሮም አውቅ ነበር» አልኩት።

አላውቅም ነበር። ይህንንም ጻፍ አልኩት።

ቅዳሜ እንመጣለን። የሚጭነውም የሚነዳውም እሱ ነው። እኔ ጎኑ ተቀምጬ አፌን እይዛለሁ፤ ከቻልኩ። የምልሽ አንዲት ቃል ቀርታኛለች። እሷን በእሱ እጅ አላስጽፍም፤ ደጅሽ ቆሜ በራሴ አፍ እላታለሁ። መጀመሪያ ግን እሱን አስገቢው። እኔ ውጭ ብቆይ አይበርደኝም።

እግዚአብሔር ቤትሽን ያቁምልሽ፤ ከሁለታችሁ ሳቅ አያጥፋ።

አባትሽ ኦርቪል ኪትሪጅ
✕ (ምልክቷን ያደረግኩት እኔው ነኝ)