ቀለበት ያወጣው የክንዱ ፓፓያ

የካቲት 3
ከትምህርት ቤት መልስ ፓፓያዎቹን አጠጣሁ። የወንድሜ የክንዱ ሥራ ነበር። ባጃጁ ከተገለበጠ ወዲህ የኔ ሆነ። የላይኞቹ ቅጠሎች ቢጫና አረንጓዴ ተዥጎርጉረዋል። ውኃ አንሷቸው ይሆን? ጨመርሁ።
እማ ዛሬም ምሳዋን ሳትነካ ከሥራቸው የበቀሉትን ችግኞች እየነቀለች አፈር በሞላ ፌስታል ታዛውራለች። በክንዱ አርባ ለጎረቤት ልታድል። «ንፍሮማ ተበልቶ ያልቃል፤ ይኼ ግን...» አልጨረሰችውም።

የካቲት 7
ፍሬው ላይ ቀለበት አየሁ። ትንንሽ፣ ክብ፣ ደብዛዛ። አንድ ፍሬና ቅጠል ለባዮሎጂ መምህራችን ለቲቸር ግሩም ወሰድሁ።
«የማዳበሪያ እጥረት ነው?»
«እጥረት ቀለበት አያወጣም። ግንዱ ላይስ ዘይት የነካው የሚመስል መስመር አለ?»
«አዎ፣ አለ።»
«ቫይረስ ይመስለኛል። ግን በዓይን ብቻ አልፈርድም፤ ላቦራቶሪ ይየው።»
መድኃኒቱስ? የለውም። ክሽክሽ የምትባል ጥቃቅን ተባይ ከታመመው መጥጣ ወደ ጤነኛው ታዛምተዋለች። ነቅሎ መቅበር ብቻ...

የካቲት 8
ለእማ አልነገርሁም።

የካቲት 13
ውጤቱ መጣ። ቫይረስ ነው። ችግኞቹም ከሥሩ ስለበቀሉ አይታመኑም።
ቤት ስደርስ ጎረቤታችን እትዬ ጀሊላ ከእማ ጋር ተቀምጣለች። የጭማቂ ቤቷ ፓፓያ የሚመጣው ከገዛ ጓሮዋ ነው።
«የክንዱን ችግኝ ከኔዎቹ መሃል ነው የምተክላት» አለች። «ያ ተረበኛ! ‹እትዬ፣ የእርስዎ ፓፓያ ዱባ ዱባ ይላል› ይለኝ ነበር። ከፍሎ የማያውቅ!»
እማ ሳቀች። ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ምን ብዬ ልናገር?

የካቲት 14
አርባው ነገ ነው። ነገርኋት።
«የልጄን ዛፍ የምትነቅል አንተ ነህ?»
«የእትዬ ጀሊላም ፓፓያ ታሞ ይለቅ?»
ጓሮ ወጥታ ቆየች። ብቻዋን ተውኋት።

የካቲት 15
ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤቱ እንደተቀመጠ እማ ተነሣች። «የክንዱን ችግኝ ልሰጣችሁ ብዬ ነበር። ታሟል። በሽታ ቤታችሁ አላስገባም።»
እትዬ ጀሊላ ሻሿን አጠበቀች። «ታዲያ ምን ተቀመጥን? ዶማው የት አለ?»
ዛፎቹንም ችግኞቹንም ነቀልን። የፓፓያ ግንድ ውስጡ ባዶ ነው፤ እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር።
ክንዱ የተቀበረ ዕለት እማ ራሷን ስታ መቃብሩ ሲደፈን አላየችም። ዛሬ አካፋውን ከእጄ ተቀበለች። ጉድጓዱ እስኪሞላ ለማንም አልሰጠችም።
«እጅህን ታጠብ፤ እንብላ» አለችኝ።
በላች።