ቀኝ ያልኩት ግራ

ውድ መርፌ፣

ትልቅ ሴት ሆነሽም በዚህ ስም የምጠራሽ ስላልወፈርሽ ነው፤ ጥፋቱ ያንቺ ነው።

እናትሽ ካረፈች በኋላ ቤተ ሙከራሽ ጠርተሽ ያሳየሽኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። ታማ ሳለች ከቆዳዋ ቆንጥረሽ የወሰድሻቸውን ሴሎች በብልቃጥ ስትመግቢ ከርመሽ፣ ያን ዕለት ከጥፍር በማትበልጥ መስታወት ላይ፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ ቦይ ለቀቅሻቸው።

«ኤሌክትሪኩ ሲበራ ሕያዋኑ ወደ ቀኙ ጠርዝ ይሳባሉ፤ የሞቱት ወደ ግራ ይገፋሉ» አልሽኝ።

«አይነዝራቸውም?»

«የሚነዝረውማ እንዳንተ ያለውን ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፣ ጋሼ። እነሱን ቀስ አድርጎ ይነዳቸዋል።»

ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቀንኩ። መንጋው ግር ብሎ ወደ ቀኝ ነጎደ፤ በግራ የታዩኝ ጥቂት ናቸው። «ይቺ እህቴ! ሞትም አልቻላት!» ብዬ ጮህኩ። አንቺም አየሽና ሳቅሽ። ሳቅሽ ዘግየት ብሎ እንደመጣ ያስተዋልኩት ዛሬ ነው።

ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር በብልቃጥ ያሉትን ሴሎቿን እያሰብኩ «እናትሽ እንዴት ናት?» እልሻለሁ። «ደህና ናት፣ ጋሼ» ትይኛለሽ። እኔም በዚያች ቃል እንቅልፍ ይወስደኛል።

ሰሞኑን አንድ መምህር መብራቱ የተበላሸ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ሱቄ አመጣ። ጠገንኩት። እጄ አያርፍ፣ ከጋዜጣ ላይ «ሀ»ን ቆርጬ ከሥሩ አስቀመጥኩ። ሀ ብዬ ያስገባሁት ተዘቅዝቆ «በ» መስሎ ታየኝ። ወረቀቱን ወደ ቀኝ ስገፋው ወደ ግራ ሸሸ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ያ መንጋ ትዝ አለኝና ወንበር ፈለግሁ።

ቀኝ ብዬ የፈነደቅሁበት ግራው ነበር። አብዛኞቹ ሞተዋል። አንቺ መሣሪያው እንደሚገለብጥ እያወቅሽ፣ ደስታዬ አሳዝኖሽ ዝም አልሽ።

ለቀባሪ አረዱት እንዳትዪኝ። እኔ እናትሽን አንዴ ቀበርኳት፤ አንቺ ግን «ደህና ናት» ባልሽኝ ቁጥር ስልኩን ዘግተሽ ብቻሽን ስትቀብሪያት ኖረሻል። ቀልደኛ ነኝ እንጂ ሕፃን አይደለሁም፣ ልጄ። እውነቱን እችለዋለሁ። ካልቻልኩትም አብረን እንውደቅ።

በብልቃጡ የቀረ ካለ ለእኔ ስትዪ አትመግቢው።

ቅዳሜ እመጣለሁ። የምትነግሪኝን አታዘጋጂ፤ አጎቴ ሊያስቀኝ መጣ ብለሽም ፊትሽን አታስተካክዪ። የምመጣው አንቺ ለእናትሽ፣ እኔ ለእህቴ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን እንድናለቅስ ነው።

የእናትሽ ወንድም